የኮንክሪት ሥራና የቤት ባለቤት በአዲስ አበባ

መግቢያ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በአዲስ አበባ ከተማ አንድ የቤት ባለቤት የኮንክሪት ሥራ ወይም ጥገና ሊያሠራ ሲነሣ ከሠራተኛው ወይም ከሥራ ተቋራጩ ጋር የሚያደርገው ስምምነት ምን ዓይነት እንደ ሆነ፣ ኃላፊነቱ በማን ላይ እንደሚወድቅና ባለቤቱ ሊመረምራቸው የሚገቡት ነገሮች የትኞቹ እንደ ሆኑ ማስረዳት ነው። ስለ ታላላቅ ሕንፃዎች፣ ስለ ድልድዮችና ስለ ግድቦች አሠራር መሐንዲሶች በየጊዜው ጽፈዋል። ስለ አንድ ሰርቪስ ቤት ሶሌታ፣ ስለ አንድ የውሃ ታንከር መቆሚያ ወይም ስለ ተሰነጠቀ የሳሎን ወለል ግን የሚጽፈው ጥቂት ነው። ሆኖም የብዙ ቤተሰብ የዕድሜ ቁጠባና የዕቁብ ገንዘብ የሚፈስሰው በዚሁ በትንሹ ሥራ ላይ ነው፤ ሶሌታውም ቢወድቅ የሚወድቀው በቤተሰቡ ላይ ነው።

የጽሑፉ ዋና አሳብ የሚከተለው ነው። ኮንክሪት ጉድለቱን በውስጡ የሚሰውር ነገር ነው። ብረቱ አንሶ እንደ ሆነ፣ አሸዋው ጭቃ የበዛበት እንደ ሆነ፣ ውሃውም ከልክ አልፎ እንደ ሆነ ከደረቀና ከተለሰነ በኋላ በዓይን ዐይቶ የሚለይ የለም። ስለዚህ ባለቤቱ ራሱን መጠበቅ የሚችለው ከተሞላ በኋላ በሚነሣ ክርክር ሳይሆን ከመሞላቱ በፊት በሚደረግ ምርመራና ክፍያውን ከዚያ ምርመራ ጋር በሚያያይዝ ውል ነው።

ከጭቃ ቤት ወደ ኮንክሪት ቤት

አባቶቻችን ቤት ሲሠሩ የሠሪውን ሥራ ለመመርመር ልዩ ትምህርት አያስፈልጋቸውም ነበር። ቋሚው ጽድ ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ማገሩ ጠበቅ ያለ ይሁን የላላ፣ ጭቃው ከጭድ ጋር ቦክቶ የሰነበተ ይሁን ያልሰነበተ ማንም የቤት ባለቤት ዐይቶ ያውቀዋል። ምርጊቱ ቢሰነጠቅ ጭቃ አቡክቶ ዳግመኛ መመረግ ይቻላል። ጉድለቱ በግልጽ የሚታይ፣ ጥገናውም በእጅ የሚሠራ ነበር።

ኮንክሪት ይህን ዕውቀት ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ ለሌላ ሰጠው። በሥራው ቦታ የሚሰሙት ቃላት ራሳቸው የሙያውን አመጣጥ ይናገራሉ፤ ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ አርማታ፣ ሶሌታና ሊሾ የሚባሉት ሁሉ ከኢጣልያንኛ የመጡ ናቸው። በአገራችን የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ የተቋቋመውም በኢጣልያ ወረራ ዘመን በድሬዳዋ ነው። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1954 የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም ተከፍቶ የሕንፃ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ዳሩ ግን የመኖሪያ ቤቱን ሥራ በእጁ የሚሠራው ግንበኛ በአብዛኛው ሙያውን የተማረው በረዳትነት ገብቶ፣ ባሬላ ተሸክሞ፣ አሸዋ ነፍቶ፣ ከታላቁ እጅ እያየ ነው። ከእነዚህ መካከል እጅግ የተመሰገኑ አሉ፤ ነገር ግን ሙያቸውን የሚመሰክርላቸው ወረቀት የላቸውም። ባለቤቱም እንደ ጭቃ ቤቱ ዘመን ዐይቶ መፍረድ አይችልም። ችግሩ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስቱ የስምምነት ዓይነቶች

በከተማችን የሚሠራባቸው ስምምነቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛው በቀን ሒሳብ ማሠራት ነው። ግንበኛውና የቀን ሠራተኛው በሠሩበት ቀን ቁጥር ይከፈላቸዋል። ሥራው ትንሽ ሲሆን፣ እንደ ደረጃ መጠገን ወይም የቱቦ ጉድጓድ መክደን ላለው፣ ይህ ይበቃል። ጉዳቱ ሥራው በረዘመ ቁጥር የባለቤቱ ወጪ መጨመሩ ነው።

ሁለተኛው በእጅ ዋጋ ወይም በቁርጥ የሚባለው ነው። ባለቤቱ ሲሚንቶውን፣ አሸዋውን፣ ጠጠሩንና ፌሮውን ራሱ ገዝቶ ያቀርባል፤ ሠሪው ለድካሙ ብቻ በካሬ ሜትር ወይም በጠቅላላ ይቆርጣል። ብዙ ሰው የሚመርጠው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ዕቃውን ራሱ ስለ ገዛ አልተታለልኩም ብሎ ያምናል። ነገር ግን የኃላፊነቱ ገመድ በብዙ ቦታ የሚበጠሰው በዚሁ ስምምነት ነው። ጣውላውና ድጋፉ ከአከራይ ይመጣል፤ ብረቱን ሌላ ሰው ያስራል፤ ሚክሰሩን ሌላ ያመጣዋል፤ አሸዋውን ደላላ ያገናኘው ባለመኪና ይገለብጠዋል። ሶሌታው ውሃ ማፍሰስ ሲጀምር ግንበኛው «ጋሼ፣ ሲሚንቶውን የገዙት እርስዎ ነዎት» ይላል፤ ባለመኪናው ደግሞ አሸዋዬ ምን ሆነ ይላል። ሁሉም የየራሱን ሠርቷል፤ ለጠቅላላው ሥራ ግን ተጠያቂ የሚሆን ሰው አልተገኘም።

ሦስተኛው ከነዕቃው ለተቋራጭ መስጠት ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ግን መልስ ሰጪው አንድ ሰው ይሆናል። የዚህ ስምምነት ፈተና ተቋራጩ ትርፉን ከዕቃው ቀንሶ እንዳያገኝ መጠበቅ ነው። ከዚህም ሌላ የዕቃ ዋጋ ሲለዋወጥ ስምምነቱ ይናጋል፤ በ2014 ዓ.ም. የሲሚንቶ እጥረት በበረታ ጊዜ ዋጋውን በአንድ ቁጥር ቆርጠው የተዋዋሉ ብዙዎች ሥራቸውን ከመካከል ለማቆም ተገደዋል። ስለሆነም የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ቢጨምር ወይም ቢቀንስ ልዩነቱን ማን እንደሚሸከም በውሉ ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይገባል።

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ ዋናው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይኸውም ኮንክሪቱ በሚሞላበት ቀን በቦታው ተገኝቶ «በእኔ ኃላፊነት ይሞላ» የሚለው ማን ነው? ይህ ሰው በስሙ ካልታወቀ ስምምነቱ ገና አላለቀም ማለት ነው።

ሠሪውን ስለ መምረጥ

ሰው ብዙ ጊዜ ሠሪ የሚያገኘው በዘመድ፣ በጎረቤት ወይም በደላላ ነው። ይህ ልማድ መጥፎ አይደለም፤ የጎረቤት ምስክርነት በእጅ ያለ መረጃ ነውና። ይሁን እንጂ አዲስ የተጠናቀቀ ቤት ማየት ብዙም አይጠቅምም፤ አዲስ ሥራ ሁሉ ያምራል። አራት ወይም አምስት ክረምት ያለፈበትን ሥራ ማየት ይሻላል። የሶሌታው ሆድ ላይ የውሃ ነጠብጣብ ወይም የዝገት ቀለም ይታያል? በበሩና በመስኮቱ ማዕዘን ስንጥቅ አለ? ወለሉ ከግድግዳው ተለይቷል? የዚያ ቤት ባለቤት ጉድለት ባገኘ ጊዜ ሠሪው ተጠርቶ መጣ ወይስ ስልኩን ዘጋ? ከእነዚህ ጥያቄዎች የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል።

ሥራው ከትንሽ ጥገና ያለፈ ሲሆን ደግሞ ፈቃድና ፕላን ይጠይቃል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፍሎ፣ ከሁለት ፎቅ በታች የሆነውን መኖሪያ ቤት ከቀላሉ ምድብ አስገብቶት ነበር። ነገር ግን ምድቡ ቀላል ነው ማለት በቤቱ ላይ ያለ ስሌት ፎቅ ይጨመርበታል ማለት አይደለም። ለአንድ ፎቅ የታሰበ መሠረት ሁለተኛውን እንዲሸከም ሲፈለግ ጉዳዩ የግንበኛ ሳይሆን የመሐንዲስ ነው።

ስለ ልኬትና ስለ ዋጋ

ባለቤቱ ዋጋ ሲቀርብለት የሥራውን መጠን ራሱ ማስላት ቢችል ከብዙ ጥርጣሬ ይድናል። ስሌቱም ከአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አያልፍም። ለምሳሌ ርዝመቱ 5 ሜትር፣ ስፋቱ 4 ሜትር፣ ውፍረቱ 12 ሣንቲ ሜትር የሆነ ሶሌታ እንሙላ ብንል፣ መጠኑ 2.4 ሜትር ኩብ ነው። ለሶሌታና ለምሰሶ በተለመደው 1 እጅ ሲሚንቶ፣ 2 እጅ አሸዋና 3 እጅ ጠጠር ቅይጥ ለአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ያህል ሲሚንቶ ይገባል። ስለዚህ ለዚህ ሶሌታ 864 ኪሎ፣ ማለት 18 ከረጢት የሚጠጋ ባለ 50 ኪሎ ሲሚንቶ ያስፈልጋል። አሸዋው 1 ሜትር ኩብ ከሩብ፣ ጠጠሩ ወደ 2 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ይሆናል። አንድ ሠሪ ይህንኑ ሶሌታ በ12 ከረጢት እጨርሳለሁ ብሎ ዋጋ ቢያሳንስ፣ ያነሰው ዋጋ የጉልበቱ ሳይሆን የሶሌታው ጥንካሬ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የመለኪያው ሳጥን ነው። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 35 ሊትር ያህል ቦታ ይይዛል። 50 በ40 በ18 ሣንቲ ሜትር የሆነ ሳጥን 36 ሊትር ስለሚይዝ ከአንድ ከረጢት ጋር ይመጣጠናል። በብዙ ቦታ ግን አሸዋና ጠጠር የሚለካው በአካፋ ወይም በባሬላ ግምት ነው። የአካፋው ቁልል እንደ ሰውየው ድካም ስለሚለያይ ጠዋት የተቦካውና ከሰዓት በኋላ የተቦካው ኮንክሪት አንድ አይሆንም። ሁለት ሳጥን ማሠራት አነስተኛ ወጪ ሲሆን ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።

ከመሞላቱ በፊት መመርመር ያለበት

በመጀመሪያ አፈሩ ነው። በቦሌና በከተማው ምሥራቃዊ ወገን በብዙ ቦታ የሚገኘው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ አፈር ላይ በቀጥታ የተሞላ ወለል በየዓመቱ ከአፈሩ ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚል መሰንጠቁ አይቀርም። መፍትሔው ጥቁሩን አፈር ቆፍሮ አውጥቶ በገረገንቲ መተካትና በየንብርብሩ ውሃ እያጠጡ መጠቅጠቅ፣ የጣሪያውንም ውሃ ከመሠረቱ ማራቅ ነው። ዋጋ ሲቀርብ ይህ ቁፋሮና ሙሌት አለበት ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ርካሽ የሚመስለው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይህንን የዘለለ ነው።

ሁለተኛው አሸዋው ነው። ጭቃና አቧራ የበዛበት አሸዋ ሲሚንቶው ከጠጠሩ ጋር እንዳይያያዝ ያደርጋል። የአገራችን የጥራት ደረጃ የጭቃው መጠን ከ6 ከመቶ እንዳያልፍ ይወስናል። ይህን በቤት መፈተን ይቻላል፤ አሸዋውን በሚያሳይ ጠርሙስ ውስጥ አድርጎ ውሃና ጥቂት ጨው ጨምሮ በደንብ መናጥ፣ ከዚያም ለጥቂት ሰዓት ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ከታች፣ ጭቃው ከላይ ይዘቅጣል። አሸዋው 10 ሣንቲ ሜትር ሆኖ የጭቃው ንብርብር ከ6 ሚሊ ሜትር ከበለጠ አሸዋው ይታጠብ፣ ወይም ይመለስ። ይህ ፈተና መደረግ ያለበት መኪናው አሸዋውን ከመገልበጡ በፊት ነው፤ ከተገለበጠ በኋላ የሚመልሰው የለም።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። የብረቱ ውፍረት፣ ብዛትና ርቀት እንደ ፕላኑ መሆኑን በሜትር መለካት ይገባል። ደግሞም ብረቱ በጣውላው ላይ ተኝቶ ከተሞላ ከሥሩ የሚሸፍነው ኮንክሪት አይኖርም፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ይዝጋል። ስለዚህ ስፔሰር የሚሉትን ትንሽ የሲሚንቶ ቁራጭ ከብረቱ ሥር እያስገቡ 2 ሣንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ድጋፉም የባሕር ዛፍ አጣና ከሆነ ሥሩ በለስላሳ አፈር ላይ ሳይሆን በጣውላ ቁራጭ ላይ መቆሙን ማየት ይገባል።

አራተኛው ውሃው ነው። ለአንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ያህል ውሃ ይበቃል። ሠራተኛ ግን ቀጭን ቡኮ ለማፍሰስና ለማስተካከል ስለሚቀለው ውሃ መጨመር ይወድዳል። ውሃው ከ25 ወደ 35 ሊትር ቢያድግ የኮንክሪቱ ጥንካሬ ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ሊቀንስ ይችላል። በዚህ ረገድ ሠራተኛውን ብቻ መውቀስ ትክክል አይደለም። በቫይብሬተር ፋንታ በእንጨት እየወጋ፣ በባሬላ እየተሸከመ ፎቅ የሚወጣ ሰው ወፍራሙን ኮንክሪት ለመግፋት ጉልበት ያጣል። መሣሪያውን ያልከፈለ ባለቤት ጥንካሬውን መጠየቅ አይችልም።

ከተሞላ በኋላ የሚቀረው ውሃ ማጠጣትና ድጋፉን ሳይቸኩሉ ማቆየት ነው። ኮንክሪት የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ሲሚንቶው ከውሃ ጋር በሚያደርገው ውሕደት ነው። ስለዚህ ቢያንስ 7 ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት። ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ዘግይቶ ስለሚጠነክር ከዚያም የበለጠ ጊዜ ይሻል። የሶሌታ ድጋፍ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ሳይሞላው መነሣት የለበትም፤ ጣውላው በቀን ኪራይ ስለሚቆጠር ግን ሁለቱም ወገኖች ለማንሣት ይቸኩላሉ። ስለሆነም ውሃውን ማን እንደሚያጠጣ፣ የጣውላውን ኪራይም እስከ መቼ ማን እንደሚከፍል በውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ ጥገና

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» የሚለው ብሂል ለኮንክሪት ጥገና የተነገረ ይመስላል። የተሰነጠቀ ነገር ዐይቶ ምክንያቱን ሳይጠይቅ «ምንም አይደል፣ በልስን ይሸፈናል» የሚል ሠሪ ለጥገና የሚታጭ አይደለም።

ስንጥቅ ሦስት ዓይነት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በልስን ላይ እንደ መረብ የተበተኑ ቀጫጭን መስመሮች ልስኑ ቶሎ በመድረቁ የመጡ ናቸው፤ ለቤቱ አያሠጉም። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ወደ ጎን የሚወጣ፣ በበጋ የሚሰፋና በክረምት የሚጠብ ስንጥቅ ግን የአፈሩን መንቀሳቀስ ያመለክታል፤ ይህን መድፈን አያድነውም፤ ውሃውን ከመሠረቱ ሳያርቁ ዳግመኛ ይከፈታል። በብረቱ መስመር ተከትሎ የሚሄድ፣ የዝገት ቀለም ያለው ስንጥቅ ደግሞ ብረቱ መዛጉን ይናገራል። ዝገት ከብረቱ በሁለት እጥፍና ከዚያ በላይ የሚበልጥ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል።

ስንጥቁ የቆመ ወይም የሚንቀሳቀስ መሆኑን ለማወቅ በሁለቱ ጫፎች ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍና ለጥቂት ወራት መጠበቅ ይቻላል። የዛገ ብረት ሲጠገን በመጀመሪያ የውሃው መግቢያ ይዘጋል፤ ቀጥሎ ሶሌታው ከሥር ይደገፋል፤ የለቀቀው ኮንክሪት ከብረቱ ጀርባ ድረስ ይፈለፈላል፤ ብረቱ በሽቦ ብሩሽ ይጸዳል፤ እጅግ የሳሳውም በአዲስ ይተካል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ይሞላል። ይህን ቅደም ተከተል ሳይጠየቅ የሚያስረዳ ሠሪ ዋጋው ቢበዛም ይመረጣል። በምሰሶ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ሶሌታው ወደ ታች ከጎበጠ ግን ከማንኛውም መዶሻ በፊት መሐንዲስ መጠራት አለበት።

ስለ ውሉና ስለ ሕጉ

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከወጣበት ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ሥራ ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በአንቀጽ 3039 መሠረት ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው በትክክል መፈጸምና ስለ ጽናቱ ዋስ ነው። በአሠራር ጉድለት ብቻ ሳይሆን በአፈሩ ጠባይ ምክንያት ለደረሰውም ጉዳት ይጠየቃል። ይህን ዘመን የሚያሳጥር ወይም ዋስትናውን የሚያስቀር የውል ቃል ዋጋ የለውም። ብዙ ባለቤት ይህን መብቱን አያውቅም፤ ብዙ ተቋራጭም ይህን ግዴታውን አያውቅም።

ነገር ግን የሕግ ዋስትና የሚጠቅመው ሰውየው ሲገኝና ማስረጃው ሲኖር ነው። ስለዚህ ውሉ ትንሽ ቢሆንም በጽሑፍ ይሁን፤ ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት፤ የመታወቂያ ቅጂ ይያያዝበት። በውሉ ላይ የሥራው ልክ በሜትር፣ የቅይጡ ዓይነት፣ የብረቱ ውፍረትና ርቀት፣ ዕቃውን የሚያቀርበው ወገን፣ የመጨረሻው ቀንና ፍርስራሹን የሚያወጣው ሰው ይጻፍ።

ክፍያው ደግሞ በቀን ወይም በልመና ሳይሆን በሥራው ደረጃ ይከፈል። ቁፋሮው ታይቶ ሲፈቀድ አንድ ክፍያ፣ ብረቱ ታስሮ ሲመረመር ሁለተኛ፣ ተሞልቶ ውሃ የማጠጫው ጊዜ ሲያልቅ ሦስተኛ ክፍያ ይሁን። በትልልቅ የግንባታ ውሎች 5 ከመቶ የሚያህል መያዣ ማስቀረት የተለመደ ነው፤ ለመኖሪያ ቤትም አንድ ክረምት እስኪያልፍ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። በየደረጃው ብረቱንና መሠረቱን ከሜትር ጋር ፎቶግራፍ ማንሣት ወጪ የሌለው ማስረጃ ነው።

ውሉ ሠራተኛውንም መጠበቅ አለበት። ተቋራጩ ገንዘቡን ተቀብሎ የቀን ሠራተኞቹን ሳይከፍል ሲጠፋ፣ ሠራተኞቹ ከባለቤቱ በር መጥተው የሚቆሙበት ጊዜ አለ። ከእያንዳንዱ ክፍያ በፊት የቀን ሠራተኞች መከፈላቸው ይረጋገጥ የሚል አንድ መስመር ይህን ያስቀራል። ባለቤቱም በበኩሉ ምርመራውን በቀጠሮው ሰዓት የማድረግና የተመረመረውን ሳያዘገይ የመክፈል ግዴታ አለበት። ብረቱ ታስሮ ሁለት ቀን ባለቤቱን የሚጠብቅ ሠራተኛ በሦስተኛው ቀን ሳይታይ ቢሞላው የሚያስደንቅ አይሆንም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተመለከትነው በመኖሪያ ቤት የኮንክሪት ሥራ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከሠሪው ክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም። ኃላፊነቱ ለብዙ ሰው ተከፋፍሎ ማንም ሳይይዘው ከመቅረቱ፣ ምርመራውም ጊዜው ካለፈ በኋላ ከመደረጉ የተነሣ ነው። ሳጥንና ሜትር፣ የአሸዋ ጠርሙስና በሁለት ምስክር የተፈረመ አንድ ገጽ ወረቀት ከማንኛውም ቤተሰብ አቅም በላይ አይደሉም።

በኮሌጃችን የምሕንድስናና የሕግ ተማሪዎች ይህን ጉዳይ በጋራ ቢይዙት መልካም ነው። ማንም የቤት ባለቤትና ማንም ግንበኛ አንብቦ ሊረዳው የሚችል፣ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ የናሙና ውልና አንድ የምርመራ ዝርዝር ቢያዘጋጁ፣ ባለቤቱ በገንዘቡ፣ ጥሩ ሠራተኛም በሙያው የሚገባውን ያገኛል።